በሩ የተዘጋ ደብር
በእንግሊዝ አገር በንጉሥ ዮሐንስ ዘመን ስለ ሆነው ነገር በኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ የተነገረ ንግግር



የኢዮቤልዩ በዓል የሚከበርበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ያለፈውን ዘመን ቈጥሮ እግዚአብሔርን ማመስገን ነው፤ ሁለተኛውም ለሚመጣው ዘመን ምክርን መያዝ ነው። ምስጋናውን አባቶች በጸሎት አድርሰውታል። ለእኔ የታዘዘልኝ ግን ለምክር የሚሆን አንድ ታሪክ መርጬ በፊታችሁ እንዳቀርብ ነው። እኛ ዛሬ ደስ የሚለን የቤተ ክርስቲያናችን በር ይህን ያህል ዘመን ለጸሎት ተከፍቶ ስለ ኖረ ነው። የደስታችን ልክ እንዲታወቅ፤ በራቸው ስለ ተዘጋ አብያተ ክርስቲያናት መናገር የተገባ መስሎኛል። የጤናን ዋጋ የሚያውቅ ታሞ የተነሣ ሰው ነውና።

የምነግራችሁ ታሪክ በእንግሊዝ አገር ከ1208 እስከ 1214 ዓመት የሆነው ነው፤ ዓመቶቹንም ሁሉ የምቈጥረው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው። ያ ዘመን በእኛ አገር የንጉሥ ላሊበላ ዘመን ነበረ። በላስታ አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት ተፈልፍለው ወጡ በሚባልበት በዚያው ዘመን፤ በእንግሊዝ አገር በብዙ ሺህ በሚቈጠሩ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ቅዳሴ በአንድ ጊዜ ቀረ። ይህንንም ያደረገ የውጭ ጠላት አይደለም፤ አረማዊም አይደለም። ንጉሡና ፓፓው፤ ሁለቱም የተጠመቁ ክርስቲያኖች፤ በአንድ የሊቀ ጳጳስ ወንበር ምክንያት ተጣልተው ነው።

አስቀድሞ የዚያን ዘመን ሥርዓት ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሮማ ፓፓ በታች ነበረች፤ የአገሩም ሊቀ ጳጳስ መንበር በካንተርበሪ ከተማ ነበረ። ጳጳሳቱ ግን መንፈሳውያን አባቶች ብቻ አልነበሩም። ብዙ ርስት ያላቸው፤ ለንጉሡም ወታደር የሚያወጡ፤ በሸንጎው የሚቀመጡ ታላላቅ ሹማምንትም ነበሩ። ስለዚህ ጳጳስ በሚመረጥበት ጊዜ ንጉሡ ታማኝ አማካሪ ይሻ ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ደግሞ የነፍስ ጠባቂ ትሻ ነበረች። ለአንድ ወንበር ሁለት ፈላጊ ነበረውና ክርክሩ አይቋረጥም ነበር። በሌላም ነገር ይጣሉ ነበር። ካህን ቢበድል ማን ይፍረድበት በሚለው ክርክር ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ቤኬት ከንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ጋር ተጣልቶ፤ በዲሴምበር 29 ቀን 1170 በካንተርበሪ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በንጉሡ ባላባቶች ሰይፍ ተገደለ። ሕዝቡም እንደ ሰማዕት ቈጠረው።

እንግሊዞች ጆን የሚሉት ንጉሥ ዮሐንስ የዚሁ የሄንሪ የመጨረሻ ልጅ ነበረ። በ1199 ነገሠ። በ1204 የአባቶቹን ርስት ኖርማንዲን የፈረንሳይ ንጉሥ ፊልጶስ ሁለተኛ ወሰደበት። ይህንንም አገር ለማስመለስ ለጦርነት የሚሆን ገንዘብ አጥብቆ ይፈልግ ነበረ። ብልኅና ትጉህ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ሰውን አያምንም፤ ሰውም እርሱን አያምነውም ነበር።

በ1205 በጁላይ ወር የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሁበርት ዋልተር ሞተ። ሊቀ ጳጳሱን መምረጥ የእኛ ሥልጣን ነው የሚሉት የካንተርበሪ ገዳም መነኮሳት ነበሩ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ለንጉሡ ሳይነግሩ የገዳማቸውን ምክትል አለቃ ሬጂናልድን በስውር መረጡና ወደ ሮማ ላኩት። ነገሩ በተሰማ ጊዜ መነኮሳቱ ንጉሡን ፈርተው እንደ ገና የንጉሡን ወዳጅ የኖርዊችን ጳጳስ ጆን ዴ ግሬይን መረጡ። እንግዲህ ለአንድ መንበር ሁለት ሰዎች ተመረጡ ማለት ነው። ክርክሩም ወደ ፓፓው ወደ ኢኖሰንት ሦስተኛ ደረሰ። ፓፓውም ሁለቱን ምርጫዎች ሻረና ወደ ሮማ የመጡትን መነኮሳት ሌላ ሰው እንዲመርጡ አደረጋቸው። እነርሱም በ1206 መጨረሻ እስጢፋኖስ ላንግተንን መረጡ።

ይህ እስጢፋኖስ ላንግተን የእንግሊዝ ተወላጅ ሲሆን በፓሪስ ብዙ ዘመን መጻሕፍትን ያስተማረ ሊቅ ነበረ፤ ፓፓውም ካርዲናል አድርጎት ነበረ። ዛሬ በእጃችን ባለው መጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ አንድ፤ ምዕራፍ ሁለት እያልን የምንቈጥረውን ክፍፍል ያወጣው እርሱ ነው ተብሎ በብዙዎች ዘንድ ይነገራል። ስለዚህ ስሙን ባናውቀውም እንኳ ምዕራፍ ጠቅሰን በምናነብበት ጊዜ ሁሉ ድካሙ በእጃችን ነው ማለት ነው።

ንጉሥ ዮሐንስ ግን አልቀበለውም። እንዲህም ሲል ተከራከረ፤ ይህን ሰው አላውቀውም፤ የኖረውም በጠላቶቼ በፈረንሳዮች መካከል ነው፤ የንጉሥም ፈቃድ ሳይጠየቅ ሊቀ ጳጳስ መሾም የአባቶቼን ልማድ ማፍረስ ነው አለ። ፓፓውም በበኩሉ የቤተ ክርስቲያን ምርጫ ነጻ መሆን አለበት፤ ለዚህ መንበር ከዚህ የተሻለ ሰው አይገኝም አለ። ሁለቱንም ያለ አድልዎ የሚመለከት ሰው በሁለቱም ቃል ውስጥ እውነት እንዳለ ያስተውላል። ክፉው ነገር እውነት ከአንዱ ወገን መጥፋቱ አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱን እውነት ይዞ ወደ ሌላው አንድ እርምጃ እንኳ አልራመድም ማለቱ ነው። ፓፓው በጁን 17 ቀን 1207 በቪተርቦ ከተማ ላንግተንን ቀብቶ ሾመው። ንጉሡም ተቈጥቶ የካንተርበሪን መነኮሳት ከገዳማቸው አባረረ፤ የመንበሩንም ርስት ያዘ። ላንግተን ወደ ሹመቱ አገር መግባት ስላልተፈቀደለት በፈረንሳይ አገር በፖንቲኒ ገዳም ተቀመጠ። ይህም ቤኬት አስቀድሞ በስደቱ የተጠጋበት ገዳም ነው።

በ1208 በማርች ወር መጨረሻ የለንደን፤ የኢሊና የዉስተር ጳጳሳት በፓፓው ትእዛዝ በእንግሊዝ አገር ሁሉ ላይ ክልከላ ዐወጁ። በላቲን ቋንቋ ይህ ነገር ኢንተርዲክት ይባላል። ውግዘት አንድን ሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚለይ ነው፤ ኢንተርዲክት ግን ያጠፋውንና ያላጠፋውን ሳይለይ በአንድ አገር የሚሰጠውን አገልግሎት የሚያቆም ነው። ሐሳቡም ይህ ነበረ፤ ሕዝቡ ቅዳሴ ሲያጣ ያዝናል፤ ማዘኑም ንጉሡን ያስጨንቀዋል፤ ንጉሡም ተጨንቆ ይታረቃል ተብሎ ነው።

አሁን እያንዳንዳችን በዚያ አገር የአንዲት ትንሽ አጥቢያ ሰው እንደ ሆንን አድርገን እናስብ። የዚያ ዘመን ገበሬ ከእህሉም ከበጉም አሥራቱን ለደብሩ ይሰጥ ነበረ። በደብሩ ተጠመቀ፤ በደብሩ ደጃፍ አገባ፤ አባቱና እናቱ በደብሩ ዐጸድ ተቀብረዋል። ዓመቱንም የሚቈጥረው በበዓላት ነበረ፤ መሬት የሚታረስበትን፤ ግብር የሚከፈልበትን ቀን የሚያውቀው በቅዱሳን ስም ነበረ። ድንገት በአንድ ሳምንት ውስጥ ቅዳሴ ቀረ ተባለ። በዚያ ዓመት ፋሲካ የሚውለው ክልከላው ከታወጀ ከጥቂት ቀን በኋላ ነበረ። ስለዚህ የጾሙን ወራት ፈጽሞ የትንሣኤን ቀን ይጠብቅ የነበረው ሕዝብ በትንሣኤ ቀን ቅዳሴ ሳያስቀድስ፤ ሥጋ ወደሙ ሳይቀበል ዋለ።

የተፈቀደው ሁለት ነገር ብቻ ነበረ፤ ሕፃናት እንዲጠመቁ፤ የሚሞቱትም ሰዎች ኑዛዜያቸውን ለካህን እንዲነግሩ። ሥጋ ወደሙን ግን የሚሞት ሰው እንኳ አይቀበልም ነበር። የሞተውም ሰው በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ አይቀበርም፤ ፍትሐትም አይደረግለትም ነበር። የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፈ መነኩሴ የሙታን ሬሳ ከከተማ ወጥቶ ያለ ጸሎትና ያለ ካህን በመንገድ ዳርና በቦይ ይቀበር ነበረ ብሎ ይተርካል። ክርስቲያን ሆኖ ኖሮ እንደዚህ መቀበር ለሟቹ ልጆች ምን ያህል ኀዘን እንደ ሆነ እናንተ ሙታናችሁን በጸሎት የምትሸኙ ሰዎች አታጡትም።

ንጉሡም በዚያው ሳምንት የአጸፋውን አደረገ። ካህናት አገልግሎታቸውን ካቆሙ ንብረታቸውን ሊበሉ አይገባቸውም በማለት ርስታቸውንና ገቢያቸውን ሁሉ ያዘ፤ የእህል ጎተራቸውንም ዘጋ፤ ለዕለት ምግባቸው የሚበቃ ብቻ እንዲተውላቸው አዘዘ። ካህናቱ ብዙዎቹ ገንዘብ እየከፈሉ የገዛ ንብረታቸውን መልሰው እንዲይዙ ሆነ። በሮማ ሥርዓት ቄስ ሚስት ማግባት የተከለከለ ቢሆንም በዚያን ጊዜ ብዙ የገጠር ቀሳውስት በቤታቸው ሴት ነበረቻቸው። የንጉሡ ሰዎች እነዚህን ሴቶች እያሰሩ ቤዛ እስኪከፈል ድረስ ያዟቸው። ንጉሡ ያደረገው ሁሉ ግን ክፋት ብቻ አይደለም። የካህናትን ሰውነት የነካ ማንም ሰው ቢያዝ በቅርብ ባለው የባሉጥ ዛፍ ላይ እንዲሰቀል ዐዋጅ አወጣ። ሰውነታቸውን ይጠብቃል፤ ጎተራቸውን ግን ይወስዳል ማለት ነው።

በ1209 በኖቬምበር ወር ንጉሡ ራሱ ተወገዘ። ጳጳሳቱም አብዛኞቹ ከአገር ተሰደዱ፤ በአገሩ ከንጉሡ ጋር የቀረው ዋነኛ ጳጳስ የዊንቸስተሩ ጴጥሮስ ዴ ሮሽ ነበረ። ባለጠጋው ጳጳስ ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ፤ ድኻው የአጥቢያ ቄስ ግን የሚሰደድበት ስፍራ አልነበረውምና ከሕዝቡ ጋር ቀረ። በነዚያ ዓመታት የሚናዘዙትን በሽተኞች ሊሰማ የሄደ፤ ሕፃናትንም ያጠመቀ፤ ስሙ በታሪክ መጽሐፍ ያልተጻፈ ይህ የአጥቢያ ቄስ ነው። የዚህ ታሪክ ምስጋና የሚገባው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኔ እርሱን አስቀድማለሁ።

እንግዲህ ክልከላው የታሰበለትን ሥራ ሠራን? የታሪክ ሊቃውንት መርምረው እንዳዩት በክልከላው ምክንያት ሕዝብ በንጉሡ ላይ እንደ ተነሣ የሚያመለክት ማስረጃ እምብዛም አይገኝም። ንጉሡም አልተቸገረም፤ ይልቁንም ከቤተ ክርስቲያን ርስት በወሰደው ገንዘብ ግምጃ ቤቱ ሞላ። በ1209 በስኮትላንድ ላይ፤ በ1210 በአየርላንድ ላይ፤ በ1211 በዌልስ ላይ ዘመተ። ቤተ ክርስቲያን የታመመውን ሁሉ የታመሙት ታናናሾቹ ናቸው እንጂ ታላቁ አልነበረም። ፓፓው ራሱ ክልከላው እንደ ከበደ ዐውቆ በ1209 ለገዳማት በሳምንት አንድ ጊዜ በሩን ዘግተው እንዲቀድሱ፤ በ1212ም የሚሞቱ ሰዎች ሥጋ ወደሙን እንዲቀበሉ ፈቀደ። በሽተኛው ገበሬ ይህን ፈቃድ ለማግኘት አራት ዓመት ቆየ፤ በነዚያ አራት ዓመታት የሞቱት ግን አላገኙትም።

ንጉሡን ወደ እርቅ ያመጣው ሌላ ነገር ነው። በ1212 የዌልስ ሰዎች ዐመፁበት፤ መኳንንቱም ሊገድሉት ተማከሩ የሚል ወሬ ደረሰው። በዚያም ወራት የዌክፊልድ ጴጥሮስ የሚሉት አንድ ባሕታዊ ተነሥቶ ንጉሡ በሚመጣው ዓመት በዕርገት በዓል ቀን ዘውዱን ይዞ አይገኝም ብሎ ተናገረ፤ ንጉሡም አሰረው። በ1213 ደግሞ የፈረንሳይ ንጉሥ ፊልጶስ እንግሊዝን ሊወርር መርከብና ሠራዊት ሰበሰበ። ንጉሥ ዮሐንስም በአራት ወገን ተከቦ ባየ ጊዜ የስድስት ዓመት ክርክሩን በጥቂት ቀን ተወው። በሜይ 15 ቀን 1213 በዶቨር አጠገብ በኢዌል መንግሥቱን ለፓፓው አስረከበና ከፓፓው እጅ እንደ ተቀበለ ሆኖ መልሶ ያዘው። በየዓመቱም 1,000 ማርክ፤ ይኸውም ስለ እንግሊዝ 700፤ ስለ አየርላንድ 300 ማርክ ሊገብር ተዋዋለ። ማርክ የሚባለው የእንግሊዝ ፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነው። የዕርገት በዓል ግን ከዚህ ውል ከጥቂት ቀን በኋላ ነበረ። ያም ቀን አለፈ፤ ንጉሡም በዙፋኑ ነበረ። ባሕታዊው ሐሰተኛ ነው ተብሎ ከልጁ ጋር ተሰቀለ። ሰዎች ግን እውነት ተናግሯል፤ ንጉሡ ዘውዱን ለፓፓ አስረክቧልና እያሉ በጆሮ ይነጋገሩ ነበር። በታላላቆቹ ጠብ እንደ ገና አንድ ታናሽ ሰው ሞተ።

በጁላይ ወር ላንግተን ወደ አገሩ ገባ፤ በጁላይ 20 ቀን 1213 በዊንቸስተር ንጉሡን ከውግዘቱ ፈታው። ንጉሡም በእግሩ ላይ ወደቀ፤ የቀደሙትን መልካም ሕጎች እመልሳለሁ ብሎም ማለ።

አሁን ወንድሞቼ ሆይ፤ ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የዚህን ንግግር ፍሬ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ያጠፋው ንጉሥ በ1213 በጁላይ ወር ተፈታ። ያላጠፋው ሕዝብ ግን አልተፈታም። ክልከላው የተነሣው በጁላይ 2 ቀን 1214 ነው። በመካከሉ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ብቻ ቀረው። ምክንያቱስ ምን ነበረ? ንጉሡ ከቤተ ክርስቲያን ስለ ወሰደው ገንዘብ ካሣ ስንት ይክፈል፤ መቼ ይክፈል የሚለው ሒሳብ አላለቀም ነበርና ነው። ስለዚህ ንጉሡ ከውግዘት ተፈትቶ ቅዳሴ ሲያስቀድስ፤ ገበሬው ግን ከሬሳው ጋር በዐጸዱ ደጅ ቆሞ የሒሳቡን መጨረሻ ይጠብቅ ነበር። ክልከላው ከተነሣ በኋላም ቢሆን የተወሰደው ገንዘብ ሁሉ አልተመለሰም። ያው ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው፤ አበምኔቶች፤ መነኮሳይያት፤ ተራ ካህናትና ምእመናን ብዙ ሆነው ወደ ፓፓው መልእክተኛ መጡና ስለ ጥፋታችንስ ማን ይክፈለን ብለው ጠየቁ። እርሱም በፓፓው ደብዳቤ ውስጥ ስለ እናንተ ጥፋት የተጻፈ ነገር የለም ብሎ መለሰላቸው።

ስማቸው በደብዳቤው ውስጥ አልተጻፈም! ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ነገር የለም። ጠቡ የታላላቆች ነበረ፤ ዕርቁም የታላላቆች ሆነ። መከራው ግን የታናናሾች ነበረ።

ሆኖም ታሪኩ በዚህ አላለቀም። እስጢፋኖስ ላንግተን በስደቱ ዘመን ብዙ ነገር አስቦ የመጣ ይመስላል። በጁላይ 27 ቀን 1214 የንጉሥ ዮሐንስ ወዳጆች በቡቪን በፈረንሳይ ንጉሥ ድል ሆኑ፤ የንጉሡም ኀይል ደከመ። መኳንንቱም ስለ ግብሩና ስለ ፍርዱ ጭካኔ ተነሡበት። ላንግተንም በመካከላቸው እየተመላለሰ አስታረቃቸው። በጁን 15 ቀን 1215 በቴምዝ ወንዝ ዳር በራኒሚድ መስክ ንጉሡ የታወቀውን የነጻነት ደብዳቤ በማኅተሙ አጸና፤ ይህም ማግና ካርታ ይባላል። የመጀመሪያው አንቀጽ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነጻ ትሁን፤ መብቷም አይጓደል የሚል ነው። ከዚህም ጋር ነጻ የሆነ ሰው ያለ ሕጋዊ ፍርድ እንዳይታሰር፤ ፍርድም በገንዘብ እንዳይሸጥ፤ እንዳይዘገይም ታዘዘ። መበለቲቱ ሳትወድ ባል እንዳታገባ፤ የእህሉና የወይኑ መስፈሪያ በአገሩ ሁሉ አንድ እንዲሆን፤ ጭሰኛው ገበሬ ቢቀጣ የእርሻው መሣሪያ እንዳይወሰድበት ተጻፈ።

በዚህም ጉድለት ነበረበት። ከጥቅሙ አብዛኛው የተሰጠው ነጻ ለተባሉት ሰዎች ነው፤ ከገበሬው ብዙው ግን ነጻ አልነበረም። ነገር ግን ከ1213ቱ ዕርቅ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ታላቅ ነው። በ1213 የታናናሾቹ ጥፋት በደብዳቤው ውስጥ አልተጻፈም ተባለ፤ በ1215 ግን የገበሬው ማረሻ እንኳ በንጉሥ ደብዳቤ ውስጥ ተጻፈ። በቃል የተማለ ነገር ይረሳል፤ የተጻፈ ነገር ግን ከጸሐፊው በኋላ ይኖራል።

ፓፓው ኢኖሰንት ግን ንጉሡ የተገደደ ነው በማለት በኦገስት 24 ቀን 1215 ደብዳቤውን ሻረው። ላንግተንም መኳንንቱን አላወግዝም ስላለ ከሥልጣኑ ታገደ። አስተውሉ፤ ይህ ሰው ስለ ፓፓው ክብር ስድስት ዓመት በስደት የኖረ ነው፤ አሁን ደግሞ ስለ አገሩ ሕግ ከፓፓው ዘንድ ቅጣትን ተቀበለ። በኖቬምበር 1215 በሮማ የተሰበሰበው ታላቅ የላተራን ጉባኤ እያንዳንዱ ምእመን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለአጥቢያው ቄስ እንዲናዘዝና በፋሲካ ሥጋ ወደሙን እንዲቀበል ወሰነ። ሰባት ፋሲካ ያለ ቅዳሴ የዋለ ሕዝብ ይህን ውሳኔ በሰማ ጊዜ ምን እንዳሰበ እናንተ ገምቱ።

ንጉሥ ዮሐንስ በኦክቶበር 1216 በእርስ በርስ ጦርነት መካከል በኒውአርክ ሞተ። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ሄንሪ ሦስተኛ ነገሠ። ደብዳቤውም በ1216፤ በ1217፤ በ1225 እየታረመ እንደ ገና ወጣ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ነጻነትና ስለ ፍርድ የሚናገሩት አንቀጾቹ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ ሕግ ውስጥ ይገኛሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱም ከመከራው ተማረች። በ1298 ፓፓ ቦኒፋስ ስምንተኛ ኢንተርዲክት በሚታወጅበት አገር እንኳ ካህናት በዝቅተኛ ድምፅ በሩን ዘግተው በየቀኑ እንዲቀድሱ፤ በታላላቆቹ በዓላት ደግሞ በሩን ከፍተው እንዲቀድሱ ፈቀደ። ያላጠፉትን ከአጠፉት ጋር መቅጣት ነፍሳትን የሚጎዳ መሆኑ ስለ ተስተዋለ ነው።

አሁን ወደ እኛ በዓል የሚያደርሰንን ነገር ልንገራችሁና ልፈጽም። ላንግተን ወደ መንበሩ ተመልሶ ነበረ። በጁላይ 7 ቀን 1220 የቶማስ ቤኬት ዐፅም ከተቀበረበት ከምድር ቤት ወጥቶ በላይ በተሠራለት በከበረ ሣጥን እንዲያርፍ አደረገ። ቤኬት ከተገደለ 50ኛው ዓመት ነበረና ላንግተን ይህን ዓመት ኢዮቤልዩ ብሎ ሰየመው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን፤ በኀምሳኛው ዓመት ባሪያው ነጻ የሚወጣበትን፤ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበትን ሕግ ጠቅሶ አስተማረ። ወጣቱ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛም በበዓሉ ላይ ነበረ፤ አያቱ ከሊቀ ጳጳሱ ጋር ተጣልቶ ነበረ፤ አባቱም ከላንግተን ጋር ተጣልቶ ነበረ፤ ልጁ ግን ከሊቀ ጳጳሱ ጋር በአንድ በዓል ቆመ። ላንግተን ነቀፋ የሌለበት ሰው ነበረ ማለቴ አይደለም። በ1222 በኦክስፎርድ በሰበሰበው ጉባኤ አይሁድ የሚለዩበትን ምልክት በልብሳቸው እንዲያደርጉ ተወስኗል፤ ለእነርሱ ኢዮቤልዩው አልደረሳቸውም። ይህም ነጻነትን የሚሰብክ ሰው እንኳ የሚረሳው ሰው እንደማይጠፋ ያሳያል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ምክር ሦስት ነው።

አንደኛው፤ አጥቢያን የሚያስተዳድሩ ሰዎች፤ ካህናትም ሆኑ ሽማግሌዎች፤ በሚከራከሩበት ጊዜ የቤተ ክርስቲያንን በር የክርክራቸው መሣሪያ አያድርጉት። ሰው እውነት ቢኖረውም እንኳ እውነቱን በሌላ ሰው ኀዘን ሊያስከፍል አይገባውም።

ሁለተኛው፤ ዕርቅ በሆነ ጊዜ አስቀድሞ የሚፈታው ታናሹ ይሁን። የታላላቆቹ ሒሳብ ሊቆይ ይችላል፤ የሚቀበር ሬሳና የሚጠመቅ ሕፃን ግን አይቆይም። የአንድ ዕርቅ እውነተኛነቱ የሚታወቀው ከሁሉ በታች ያለው ሰው ዕርቁ በሆነ ቀን ደስ ሲለው ነው።

ሦስተኛው፤ በደብዳቤው ውስጥ ስለ እናንተ የተጻፈ የለም የሚባል ሰው በመካከላችን አይኑር። ደብሩን የሠራው ስሙ በድንጋይ የተቀረጸው ባለጠጋ ብቻ አይደለም። ውኃ የቀዳች መበለት፤ ድንጋይ የተሸከመ ቀን ሠራተኛ፤ በዝናብም በብርድም ያገለገለ ዲያቆን ሁሉ ሠርተዋል። በዚህ በዓል መታሰቢያ ላይ የታላላቆቹ ስም ሲጻፍ፤ የእነዚህም ድካም አብሮ ይታሰብ።

በዚያች አገር ስድስት ዓመት ከሦስት ወር የተዘጋው በር በመጨረሻ ተከፈተ። ለእኛ ግን ተከፍቶ የኖረልንን በር እኛው በጠባችን እንዳንዘጋው፤ ከእኛ በኋላ ለሚመጡትም ተከፍቶ እንድናወርሳቸው እግዚአብሔር ልብ ይስጠን። በዓሉን የሰላም በዓል ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።